ሞፈር ይዘን የጨፈርንበት ዓመት

ባለፈው ጥቅምት አጅባር ገበያ ወርጄ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ ባዶ ጆንያ አፍንጫዬ ሥር አራገፈ። ሌላ ሰው ቢሆን አስነጥሶ ዝም ይላል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዕድሜ ተሸክሜ ተረከዞቼን አጋጠምኩ፤ የእግሬን ጣቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈትኩ፤ ሆዴን ሳብኩ፤ አንገቴን መዘዝኩ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ «አባባ፣ ወገብዎን ያዘዎ እንዴ?» ብላ ክንዴን ይዛ ደገፈችኝ። ባሌት ነው ልላት አልኩና ተውኩት። ጉልበቱ ሲንቋቋ ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ ባሌት ተምሬያለሁ ቢል፣ ጠበል ውሰዱት ነው የሚባለው።

ግን ወላሂ ተምሬያለሁ። መካነ ሰላም ከተማ፣ የዕርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ፣ ሞፈር ይዤ።

ክፉው ረኃብ ያለፈበት፣ ንጉሡም ከወረዱ ብዙ ያልቆየበት ዓመት ነው። ዝናቡ ተመልሶ ገብሱ በቅሏል፤ ሰዉ ግን ገና ከሕመም እንደተነሣ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነበር የሚሄደው። እኛ ልጆቹ ደግሞ ለማየት የምናስቅ ነበርን። በረኃቡ ጊዜ የቀላው ፀጉራችን አሁን ከሥሩ መጥቆር ጀምሮ፣ ሥሩ ሌላ ጫፉ ሌላ ሆኖ፣ ከሩቅ ሲያዩን ራሳችን ላይ ድርቆሽ የተከመረብን እንመስላለን።

መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው። እህሉን እርጥበት እንዳያገኘው ወለሉ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በሳንቃ ተመቷል። እህሉ ታድሎ ሲያልቅ የቀረው የጆንያ ሽታ፣ አይጥና እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለ የዚሁ የኛ አገር ሰው ናት። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምላት፤ አሁን ግን እኔ ያኔ የነበራትን ዕድሜ እጥፍ አድርጌ ስላለፍኩ «እሷ» ብላት አትቀየመኝም። በልጅነቷ አዲስ አበባ ሄዳ ትያትር ቤት በጭፈራ ተቀጠረች፤ እዚያም አንዲት ፈረንጅ ባሌት የሚባለውን የአገሯን ጭፈራ አስተማረቻት። በረኃቡ ዓመት እናቷን ልታይ መጣች። እናቷን ቀበረች፤ የመመለሻው አውቶቡስም ያለ እሷ ሄደ። ለምን ቀረች የሚለውን ሰዉ በየቤቱ ሲያማ ከረመ። እሷ መጋዘኑን ጠረገች።

የከተማው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ይመር መጋዘኑንና ከዕርዳታው የተረፈውን ዱቄት የፈቀደላት በአንድ ነገር ነው። ከደሴ አንድ ትልቅ እንግዳ ለጉብኝት ይመጣል፤ ያን ዕለት የልጆች የኪነት ቡድን ይታይ። እንግዳው ከወደደው ቤቱም ዱቄቱም ይቀጥላል። ካልወደደው መጋዘኑን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ ልጆቹም ወደየቤታቸው። ይህንን በፊታችን ነው የነገራት። ወደየቤታችን ማለት በቀን አንዴ ከምናገኘው አጥሚት መለየት ማለት ስለሆነ፣ ከንግግሩ ሁሉ ይችን አልዘነጋናትም።

አባቴ የማርያም ደብር መሪጌታ ነበር። ልጁ ጨፋሪ እንዲሆን የሚፈልግ መሪጌታ ከናንተ መካከል ያየ አለ? የፈቀደልኝ ለአጥሚቱ ብሎ ነው። ጠዋት ሲሸኘኝ «አጥሚቷን ጠጥተህ ና፤ የቀረውን አትይ» አለኝ።

መጀመሪያ ቀን እትዬ አስካለ አሰለፈችንና የእያንዳንዳችንን ፀጉር በጣቶቿ እየከፈለች ሥሩን አየች። ቅማል ፍለጋ መሰለኝ። ወደኔ ስትደርስ ቀደም ብዬ ቅማል እንደሌለብኝ በኩራት አስታወቅሁ። «አየሁ፤ ጠቁረሃል፣ ጎሽ» አለችና አንድ ጭልፋ አጥሚት ቀዳችልኝ። ከኋላዬ ለነበረችው ለከድጃ ግን ሁለት ጭልፋ። ከድጃ የነጋዴው ልጅ ናት፤ አባቷ በረኃቡ ሸቀጡንም አህዮቹንም ጨርሶ፣ የቀረው ነጋዴ የሚለው ስሙ ብቻ ነበር። ቅላቱ ገና ያልለቀቀው ልጅ ሁለት ጭልፋ እንደሚያገኝ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። በማግስቱ ከወንዙ ዳር ቀይ አፈር አምጥቼ ፀጉሬን ከሥሩ ለውሼው ቀረብኩ። እትዬ አስካለ ውኃ አሙቃ ራሴን በገዛ እጇ አጠበችው፤ አፈሩ ሲወርድ ልጆቹ ተንከተከቱ። ከዚያ ሁለተኛውን ጭልፋ ቀዳችልኝ። «ይኼ ለድካምህ ነው» አለችኝ።

ትምህርቱ የተጀመረው በመቆም ነው። እንዴት መቆም እንደሚቻል ስትነግረን ገረመን፤ እኛ እኮ ቆመን ነው የመጣነው። እሷ ግን እግራችንን ታያለች፣ ጉልበታችንን ትነካለች፣ ወገባችንን ታቃናለች፤ ግማሽ ቀን እንደ አጥር እንጨት ተተክለን እንውላለን። አለንጋ የላትም። አባቴ ዘንድ ዜማ የሳተ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣበትን ስለሚያውቅ፣ እኔ በተሳሳትኩ ቁጥር ትከሻዬን ሰብስቤ እጠብቃለሁ። እሷ ትመጣና መዳፏን ጀርባዬ ላይ ታሳርፋለች፤ ትንፋሼ እስኪረጋ አታነሣውም። ቀጥሎ «እንደገና» ትላለች። እንደ እሷ አድርጎ «እንደገና» የሚል ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም፤ መቶ ጊዜ ብትለውም የመጀመሪያዋ ይመስላል።

ሞፈሩ የመጣው በኋላ ነው። በሬው ያለቀበት ገበሬ ሞፈሩን ምን ያደርገዋል? ጣሪያ ሥር ሰቅሎታል። እትዬ አስካለ ከየቤቱ ለምና ሰበሰበችና በግድግዳው ዙሪያ፣ በደረታችን ልክ፣ አግድም በጠፍር አሰረቻቸው። አንድ እጃችንን እላዩ ላይ ጣል አድርገን፣ ሳንደገፈው፣ ጉልበታችንን ወደ ጎን ከፍተን ዝቅ እንላለን፤ ቀጥሎ ቀስ ብለን እንነሣለን። ዝቅ፣ ብድግ። አንዳንዴ ጎንበስ ብላ ባታችንን ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ «እየጠነከረ ነው» ትላለች።

እኔ ደግሞ አሳቢ ልጅ ነበርኩ። ነገሩን አገናዘብኩት። በሬዎቹ አልቀዋል። መሬቱ የገበሬው ሆኗል እየተባለ በየስብሰባው ይለፈፋል። መሬቱን ማን ይረሰው? እኛን ዱቄት እየቀለቡ፣ ሞፈር እያስያዙ፣ ጉልበታችንን እያጠነከሩ፣ ባታችንን እየጨበጡ ያያሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ለክረምቱ ሊጠምዱን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ለልጆቹ ሁሉ አስረዳኋቸው። አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ከድጃ ብቻ አልደነገጠችም።

«ከማን ጋር ነው እኔን የሚጠምዱኝ?» አለች።

ከኔ ጋር ሳይሆን አይቀርም አልኳት፤ ቁመታችን ይቀራረባል።

«ካንተ ጋርማ ከተጠመድኩ ትልሙ ሁሉ ተጣሞ ነው የሚያድረው» አለችኝ።

በማግስቱ መጋዘኑ ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። የመጣነው ከድጃና እኔ ነን፤ እሷ ስላላመነችኝ፣ እኔ መጠመዱንም ቢሆን ከአጥሚቱ ጋር አመዛዝኜ ስለተቀበልኩት። እትዬ አስካለ ልጆቹ የት ሄዱ ብላ ስትጠይቅ ከድጃ ሳታስቀር ነገረቻት። መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቀጥሎ ሳንቃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቋን መመለስ አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች፤ እኔም ያላወቅኩት ቀልድ ተናግሬ እንደሆነ ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

«ሞላ፣ አንተን የሚጠምድ ገበሬ ቢገኝ እኔ ለሰውዬው ነው የማዝነው» አለችኝ።

እንባዋን ጠርጋ ተነሣችና ጫማዋን አወለቀች። እጇን ሞፈሩ ላይ ጣለች፤ ዝቅ አለች፤ ስትነሣ ግን መነሣቷ እኛ እንደምንነሣው መሬት ላይ አላበቃም። ተረከዟ ለቀቀ። በእግሯ ጣቶች ላይ ቆማ፣ ሞፈሩንም ትታ፣ ሳንቃው አንዴ እንኳ ሳይንቋቋ ዞረች። እኔ የመሰለኝ ሰውነቷ ረዝሞ ነው። ከድጃን «አየሽ፣ ይለጠጣሉ» አልኳት በሹክሹክታ። እትዬ አስካለ ትንፋሽ እየሳበች ወረደችና ጉልበታችንን የሚያስከፍተን ለዚህ መሆኑን ነገረችን። በዚያው ቀን ከቤት ቤት እየዞረች ልጆቹን መለሰቻቸው። በየደጃፉ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ግን ለብዙ ጊዜ የሰፈሩ እናቶች እኔን ሲያዩ «በሬው መጣ» ይሉ ነበር።

ወራቱ እንዲህ ሄደ። ዝቅ፣ ብድግ፣ እንደገና። የፀጉራችን ቀይ ጫፍ ተላጨና ሁላችንም ጥቁር ሆንን። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ብርድ ስለሚገባ፣ መጀመሪያ ስንሮጥ፣ ኋላ ስንቆም፣ መጨረሻ ላይ አያ ሰይድ ከበሮውን ሲመታልን ስንጨፍር ይመሻል። አያ ሰይድ የሰርግ ከበሮ መቺ ነው፤ በረኃቡ ጊዜ ሰርግ ስለጠፋ እጁ ናፍቆት ኖሮ ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል። እትዬ አስካለ እንግዳው የሚያየውን አዘጋጀች፤ የፈረንጁን እግርና የኛን አገር ጭፈራ ያጋባችበት ነው።

እንግዳው ግን ቀረ። ጥር ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። የካቲት ተባለ። የመጣው ወሬ በመጨረሻ ቁርጥ ሲሆን ቀኑ ሁዳዴ መሐል ላይ ወደቀ።

ይኼን ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከበሮው ተሰቅሎ፣ ጸናጽሉ ተቀምጦ፣ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘመመው። እግዚአብሔር ፊት ዝም ያለ ከበሮ ለደሴ እንግዳ ሊደለቅ ነው? እናቶች ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ያስቀሩ ጀመር። አባቴ ለኔ ብዙ አልተናገረም፤ «አጥሚቷም ትቅር» አለ። ጓድ ይመር አያ ሰይድን ለመነው፤ አንተ እስላም ነህ፣ ሁዳዴ አይመለከትህም አለው። አያ ሰይድ ጎረቤቴ ጾሞ እኔ ደጁ ላይ ከበሮ አልደልቅም፣ በረመዳን እሱ ለኔ እንዲህ ያደርጋል ወይ ብሎ ከበሮውን ወደ ጓዳ አስገባ። ጓድ ይመር ራሱ በድብቅ ጿሚ ስለነበር ከዚህ በላይ ሊገፋ አልቻለም። ቀኑ እየቀረበ፣ መጋዘኑም እየራቀን ሄደ።

እትዬ አስካለ አባቴን ፍለጋ የመጣችው ከቅዳሴ በኋላ፣ ቅጥሩ ውስጥ ጥዱ ሥር ተቀምጦ ተማሪዎች ሲያስጠና ነው። እኔ መጽሐፉን ይዤለት ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጅ ነሥታ፣ ራቅ ብላ ቆመች። አባቴ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ሲያበቃ ነው ቀና ያለው።

«ከበሮ ፍቀዱልኝ ልትዪ ከሆነ የመጣሽው፣ ልጄ፣ አትድከሚ» አላት።

«ከበሮ አልፈልግም፣ መሪጌታ። እናንተ በሁዳዴ ያለ ከበሮ ስትዘምሙ ቆሜ አይቻለሁ። ልጆቹን እንደዚያው ላቁማቸው ብዬ ነው።»

«ምን ድምፅ ይዘው?»

«እግራቸውን።»

አባቴ እግሯን አየት አደረገ። ነገሩ እየተሳካ ነበር። በዚህ መሐል እኔ፣ አዋቂነቴ ለምን ይቅር ብዬ፣ እግራችን ሳንቃውን ሲመታ ያው ከበሮ መሆኑ አይደለም ወይ ስል ጠየቅሁ። እትዬ አስካለ ያን ቀን አለንጋ ብትይዝ ኖሮ አልፈርድባትም። አባቴ መቋሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እግር ከበሮ ከሆነማ መንገደኛው ሁሉ ጾሙን ሽሯል» አለ። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎም፣ «ዘፈን አይኑር። ይቁሙ» አለ።

መሪጌታው ፈቀደ ሲባል ልጆቹ ተመለሱ። እንደ አዲስ ጀመርን። ያለ ከበሮ መጨፈር እንዴት ያስፈራል መሰላችሁ፤ ልብስ ረስቶ የወጣ ሰው ነው የምትሆኑት። የእያንዳንዱ እግር ለብቻው ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን እኛ ስንረማመድ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስል ነበር። እትዬ አስካለ ዓይናችንን አስጨፍና ወዲያና ወዲህ ታራምደናለች፤ ያንተን እግር ተው፣ የጎረቤትህን እግር ስማ ትላለች። እየዋለ እያደረ እግሮቹ ተቀራረቡ፤ አንድ ቀን ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ሳለ አንድ እግር ብቻ ሰማን። ዓይኔን ስገልጥ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር። ሁሉም አሉ።

አጥሚቱም ጾመ። የዕርዳታው ዱቄት ወተት ስላለበት ለኛ በገብስ ዱቄት ይዘጋጅልን ጀመር። ለከድጃ ግን የቀድሞው ነው፤ ጽዋዋን ይዛ በሩ ኋላ ሄዳ ነበር የምትጠጣው፤ እኛን እንዳታስጎመዥ። እኔ ሽታውን ተከትዬ ስሄድ «ሂድ ወዲያ፣ ጾምህን ታፈርስና እኔ ላይ ታላክካለህ» ብላ ታባርረኛለች።

እንግዳው የመጣ ቀን መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። ፊት ለፊት በወንበር እንግዳው፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፤ ከጎኑ ጓድ ይመር፣ ላብ በላብ ሆኖ። በሰፊው በር በኩል ደግሞ እናቶች፤ ከዘጠኝ ሰዓቱ ቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ በዚያው የመጡ ናቸው። አባቴም አለ። በዚያ በኩል ሲያልፍ ሰው ስላገኘ ብቻ እንደቆመ ሁሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጓል።

ከሰልፉ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ አጭር ስለሆንኩ ነው። የእትዬ አስካለ ትእዛዝ አንድ ነው፤ የፊተኛው የሚያደርገውን የኋላው ያድርግ። ገባን። ጀመርን። እግራችን ብቻ ነው የሚሰማው፤ አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ፣ አንዴ ጭራሽ ዝም። እንግዳው ወደ ጓድ ይመር ጠጋ ብሎ የሙዚቃ ማጫወቻው ተበላሽቶ ነው ወይ ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ የኛን እግር ትቶ እሱን ያዳምጥ ጀመር።

የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ደርሰን ነበር። ግማሽ ድረስ ወርደን መነሣት ነው ያለብን። እኔ ወረድኩ፤ ግማሹ ላይ የሚያቆመኝ ጉልበት ግን አልነበረም። ሳንቃው ድረስ ሄድኩ። ግንባሬም ነካ። ከኋላዬ ያሉት፣ የተባሉትን የሚያደርጉ የተባረኩ ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ እንደኔው ወረዱ።

እንግዲህ አስቡት። ሁዳዴ ነው። ሆዳቸው ባዶ ነው። ነጠላቸው እንደተጣፋ ነው። ልጆች ያለ ከበሮ ዘምመው ዘምመው በአንድነት መሬት ወደቁ። በሩ ላይ አንዲት እናት ሰገደች። ቀጥሎ ጎኗ ያለችው። ከዚያ ሁሉም፤ የነጠላው ድምፅ እንደ ነፋስ መጣ። በክንዴ ሥር አሾልቄ ሳይ አባቴ መቋሚያውን አስደግፎ ወርዷል። እንግዳውስ? ከወንበሩ ላይ ተነሥቶ ጉልበቱ ሳንቃው ላይ ነው። ምን እያደረገ እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ቀላና፣ ዓይኑ ፊት የወደቀውን ኮፍያውን በእጁ ወዲያና ወዲህ እየዳበሰ ይፈልግ ጀመር። ጓድ ይመር አለቃው ሲፈልግ ቆሞ ማየት ስለሌለበት እሱም ተንበርክኮ ያፋልገው ገባ።

የቆመችው እትዬ አስካለ ብቻ ናት። እጇ ሞፈሩ ላይ፣ ከንፈሯ ነጭ። እግሯን አንዴ ሳንቃው ላይ መታ አደረገች። ተነሣን። ሁሉም ሰው ተነሣ።

ማንም አላጨበጨበም። እንግዳው ጉልበቱን አራገፈ፤ ኮፍያውን አራገፈ፤ እንደገና ጉልበቱን አራገፈ። እኛ መጋዘኑን ተሰናብተን ጨርሰናል፤ እኔ ደግሞ አጥሚቷን ያጠፋኋት እኔ መሆኔን አውቄ እንዴት ከወሎ ወጥቼ ተሰድጄ እንደምኖር እያሰላሁ ነው።

«ሰፊው ሕዝብ በዚህ ዓይነት አንድነት የተሳተፈበት ትርኢት እስካሁን አላየሁም» አለ ጮክ ብሎ። ጓድ ይመር አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከተለ።

ጭብጨባው መሐል እንግዳው ወደ እትዬ አስካለ ቀረበ። እኔ ከሥራቸው ነበርኩ።

«ከበሮው የታለ?» አላት ዝግ ባለ ድምፅ።

«ከፋሲካ በኋላ ይመጣል፣ ጓድ።»

ሰውዬው ወደ በሩ፣ ወደ እናቶቹ ተመለከተ። ኮፍያውን አጠለቀ።

«እንግዲያስ ከፋሲካ በኋላም እዚሁ ሁኑ» አላትና ወጣ።

ያን ዕለት አባቴ ራት ላይ ስለ ጭፈራው ያነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስወርድ አንገቴን እንደምሰብር፣ አንገት ግን ከወገብ ጋር አብሮ መውረድ እንዳለበት ነገረኝ። ከመሶቡ ተነሥቶም ራሱ ወርዶ አሳየኝ። ጠዋት ሲሸኘኝ «አጥሚቷን ጠጥተህ ና» አለ፤ እዚያው ላይ አበቃ።

ፋሲካ አለፈ። አያ ሰይድ ከበሮውን ከጓዳ አውጥቶ፣ በጸሐይ አሙቆ፣ ቆዳውን አጥብቆ መጣ። በጾሙ የተመኘነውን ገንፎ በቅቤ በልተናል፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። አያ ሰይድ ዓይኑን ጨፈነና መታ። እኛም ቆምን። እሱ መታ፤ እኛ ቆምን። እርስ በርስ ተያየን። ያ ሁሉ ስንናፍቀው የከረምነው ከበሮ ጆሯችንን ሞልቶት የት እንደምንገባ ጠፋን።

ከድጃ ናት የተናገረችው።

«አያ ሰይድ፣ ቀስ ይበሉልን። እግራችንን መስማት አቃተን።»

እትዬ አስካለ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ ሳያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እስክስታ የጀመረች መሰለኝና እኔም ትከሻዬን ለቀቅኩት። ከኋላዬ ያሉት እንደ ልማዳቸው ተከተሉኝ። አያ ሰይድም ከበሮውን ዝግ አደረገልን፤ ከሥሩ እግራችን ቀስ እያለ መሰማት ጀመረ። እትዬ አስካለ ዘግይታ ስትዞር ፊቷ ሁሉ ረጥቧል። ሳትንቀሳቀስ ይህን ያህል ማላቧ ገርሞኝ፣ መጨፈሬን ቀጠልኩ።